አፈ ንጉሥ ታከለ ወልደ ሐዋርያት

በቀድሞው ዘመን በኢትዮጵያ ከንጉሡ በታች የዳኞች ሁሉ የበላይ የሆነው ሹም አፈ ንጉሥ ይባል ነበር። ስሙ እንደሚያመለክተው፣ በንጉሡ ስም የሚፈርድ የንጉሡ አፍ ማለት ነው። ይህን ማዕረግ ከያዙት ሰዎች መካከል እንደ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ከወህኒ ወደ ችሎት፣ ከችሎትም ወደ ወህኒ የተመላለሰ ማግኘት ያስቸግራል።

ታከለ የተወለዱት በ1890ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። ብላታ ተብለው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በኃላፊነት ሲያገለግሉ የጣሊያን ጦር አገሩን ወረረ። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር እንዲሄዱ በመኳንንቱ ጉባኤ ሲመከር፣ ንጉሥ አገሩን ጥሎ መሄድ አይገባውም ብለው አጥብቀው ከተቃወሙት ጥቂቶች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ምክራቸው ተቀባይነት ባያገኝም በአርበኝነት ተሰልፈው ጠላትን ተዋጉ። ቅሬታው ግን ከልባቸው አልወጣም።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ታሰሩ። በ1937 ዓ.ም. ገደማ ተፈትተው ምክትል አፈ ንጉሥ ሆነው ተሾሙ፤ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ሠሩም በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሢረዋል ተብለው እንደገና ታሰሩ። በዚህ ጊዜ እስራቱ እስከ 1946 ዓ.ም. ገደማ ዘለቀ። ከእስር ወጥተው በአገር ግዛት ሚኒስቴር በምክትል ሚኒስትርነት ከሠሩ በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ገደማ አፈ ንጉሥ ሆኑ። ሁለት ጊዜ የታሰረን ሰው በዳኞች ሁሉ ላይ መሾም ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ተቀናቃኝን በሹመት አቅርቦ መያዝ የቤተ መንግሥት የቆየ ብልሃት ነበር።

አፈ ንጉሡ የሚመሩት ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የቆመ ሲሆን፣ ከበታች ፍርድ ቤቶች የሚመጣው ይግባኝ በመጨረሻ የሚታየው በዚሁ ነበር። ታከለ በወንበሩ ላይ የተቀመጡበት ጊዜም ሕጉ ራሱ የሚለወጥበት ጊዜ ነበር። በ1949 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። በፍትሐ ነገሥትና በባላገር ልማድ ሲፈርድ የኖረ ዳኛ ሁሉ ከእንግዲህ አንቀጽ ጠቅሶ መፍረድ ግዴታው ሆነ። ይሁን እንጂ ከይግባኙ ፍርድ በላይ ሌላ በር ነበረ፤ በአፈ ንጉሡ ውሳኔ ያልረካ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ብሎ በዙፋን ችሎት ሊታይለት ይችል ነበር። ስለዚህ ታከለ የሚሰጡት ፍርድ የሚጸናው ሊጥሏቸው ባሰቡት ሰው ፈቃድ ነበር ማለት ይቻላል።

ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታከለ ሹመታቸውን አጥተው ለሦስተኛ ጊዜ ወህኒ ወረዱ። ከአምስት ዓመት ያህል እስራት በኋላ ሲፈቱ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር። በ1962 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ላይ አዲስ ሤራ ጠንስሰዋል በሚል ፖሊሶች ሊይዟቸው መጡ። አዛውንቱ አራተኛውን እስራት አልቀበልም ብለው መሣሪያቸውን አነሡ፤ ከፖሊሶቹም ጋር ሲታኰሱ ሞቱ።