ኤድዋርድ ሩፔልና የጥንት ገንዘቦች

ሩፔል የሚለው ስም በእንስሳት ጥናት መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። የዋልያን፥ የጭላዳንና የቀይ ቀበሮን ጠባይ ለይቶ የሳይንስ ስም የሰጣቸው እርሱ ነውና። ነገር ግን ይኸው ሰው ለጥንት ገንዘብ ጥናትም ብዙ እንደ ደከመ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለንግድ ታስቦ ያደገ ቢሆንም በ1817 ወደ ሲና ተጉዞ ሲመለስ አሳቡ ተለወጠ፤ በኢጣልያም በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፀዋት ተማረ። ቀጥሎም በሲና፥ በኑብያና በኮርዶፋን ከተዘዋወረ በኋላ በ1831 ምጽዋ ገባ፤ ስሜንንም አቋርጦ በ1832 ጎንደር ደረሰ።

በዚያን ጊዜ የጎንደር ነገሥታት ሥልጣን በስም ብቻ የቀረ ነበር። አገሩን የሚገዙት የየጁ ራሶች ሲሆኑ መቀመጫቸውም ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ደብረ ታቦር ነበረች። ሩፔል በመጣበት ዘመን ራስ አሊ ገና ልጅ ስለ ነበሩ እናታቸው እቴጌ መነን ብዙ ሥልጣን ነበራቸው። እርሱም ከጎንደር ተነሥቶ በጣና ምሥራቅ በኩል፥ ማለት ዛሬ ደቡብ ጎንደር በምንለው አገር አልፎ፥ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ሄደ።

በገበያው ላይ የሚሠራው ከውጭ የመጣው ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ይህም የሚያስደንቅ ነው፤ የአክሱም ነገሥታት ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የራሳቸውን የወርቅ፥ የብርና የነሐስ ገንዘብ ካስመቱ ከ1,500 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበርና። በንጉሥ ዒዛናም ዘመን በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተክቷል። ከአክሱም ነገሥታት አንዳንዶቹ ስማቸው የታወቀው በገንዘባቸው ብቻ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ገንዘብ በአንጥረኛ እሳት ቢቀልጥ የጠፋው ወርቁ ሳይሆን የንጉሡ ስም ነው።

ሩፔል በ1838 እና በ1840 ባሳተማቸው ሁለት የጉዞ መጻሕፍት ስለ አክሱም ገንዘቦችም ጽፏል። በ1839 የለንደን የመልክዐ ምድር ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ከዚያም በኋላ በከተማው ተቀምጦ የጥንት ገንዘቦችን መመርመር ሥራው አደረገ፤ የፍራንክፈርትንም ገንዘቦችና ሜዳዮች እየዘረዘረ ጻፈ። ያከማቸውንም ለራሱ ሳያስቀር ለከተማው ሰጠ። በ1884 በዘጠና ዓመቱ ዐረፈ።

የጀመሩት ሥራ በሌሎች ተስፋፋ። ኢጣልያዊው አንጻኒ በ1926፥ ቫካሮ በ1967፥ እንግሊዛዊው ማንሮ ሄይ በ1984 ስለ አክሱም ገንዘብ መጻሕፍት አወጡ። ዛሬ አንድ አሮጌ ገንዘብ በእጁ የገባ ሰው ምስሉን፥ ጽሕፈቱንና ሚዛኑን ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር አስተያይቶ የማን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይችላል።

ሆኖም አንድ ነገር ሳይነገር መቅረት የለበትም። ሩፔል በጎንደር የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት እዚያው ፍራንክፈርት ቀርተዋል፤ ዝርዝራቸውም በ1897 ታትሟል። ስለዚህ ከጎንደር የወጣውን መጽሐፍ ለማየት የሚሻ የጎንደር ልጅ ባሕር ተሻግሮ መሄድ አለበት። መጻሕፍቱ ከእሳትና ከምስጥ ድነው መቆየታቸው ያስመሰግነዋል፤ ከተጻፉበት አገር መራቃቸው ግን ያሳዝናል።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኛ ተማሪዎች የምንማረው ሁለቱንም ነው። በእርሻ ወይም በፍርስራሽ መካከል አሮጌ ገንዘብ ያገኘ ሰው አይፋቀው፥ ለአንጥረኛም አይስጠው። የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፎ ለሙዚየም ያስረክብ። ሩፔል ያየውን በጥንቃቄ መዝግቦ ለከተማው እንዳስረከበ፥ እኛም የራሳችንን መዝግበን ለአገራችን ብናቆይ የነገሥታቱ ስም ከእኛ ጋር ይኖራል።