ቶልስቶይና የመንደሩ ልጆች

ስለ ቶልስቶይ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራው «ጦርነትና ሰላም»ን ነው። በእኛው ሙያ እንደ ሠራ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሌዎ ቶልስቶይ የተወለደው በ1828 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ፣ ከቱላ ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በያስናያ ፖልያና ነው። ቤተሰቡ ባላባት ነበር፤ መሬቱ ብቻ ሳይሆን ገበሬውም ንብረቱ ነው። በወጣትነቱ እንኳ የሚመሰገን ሰው አልነበረም። የተወለደበት ትልቁ ቤት በ1854 ተሸጠ፤ ፈርሶ ወደ ሌላ መንደር ተወሰደ፤ ገንዘቡንም በካርታ ቁማር ተበላ። የቀሩት ግራና ቀኝ የነበሩት ሁለት ቤቶች ናቸው።

በ1856 ገባሮቹን ነጻ ላውጣችሁ ብሎ ውል አቀረበላቸው። እነሱ ግን እምቢ አሉ! ጌታ እንዲህ የሚለው ተንኮል ቢኖረው ነው ብለው ጠረጠሩ። አይፈረድባቸውም።

በ1859 እዚያው ግቢ ውስጥ ለልጆቻቸው ነጻ ትምህርት ቤት ከፈተ። ያን ጊዜ ተማሪ በልምጭ ይገረፍ ነበር፤ እሱ ዘንድ ግን ዱላ የለም። ጠዋት ደወል ሲደወል ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ፤ መጽሐፍ የለ፣ የቤት ሥራ የለ። አንዱ አግዳሚ ላይ፣ አንዱ መስኮት ላይ፣ ሌላው ወለል ላይ ይቀመጣል። ያረፈደም አይቆጡትም። (እኛ በማስተማር ልምምድ ላይ ይኼን ብንሞክር ስንት ነጥብ እናገኝ ይሆን?) ከልጆቹ ጋር ተረት ይጽፍ ነበር፤ እነሱ ከእሱ ይልቅ አሳምረው እንደሚጽፉም ራሱ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ በ1862 ገለጸ።

ነገሩ ግን ለሁሉም አልጣመም። ገባሩ በ1861 አዋጅ ነጻ ሲወጣ፣ ቶልስቶይ የመሬት ክርክር አስታራቂ ሆኖ ለገበሬው አደላ ብለው ጎረቤት ባላባቶች ጠምደውት ነበር። በሐምሌ 1862 እሱ ለሕክምና ርቆ ሳለ ፖሊሶች መጥተው ሁለት ቀን ቤቱን በረበሩት፤ የድብቅ ማተሚያ ፍለጋ ኩሬው ሳይቀር ተፈተሸ። ምንም አልተገኘም። እሱ ግን ሞራሉ ተነካ። በዚያው ዓመት አገባ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ።

ይሁንና ጨርሶ አልተወውም። ስሙ ከገነነ በኋላ፣ በ1872፣ ለሕፃናት የፊደል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ሳይቀናው ሲቀር ተቀምጦ እንደገና ጻፈውና በ1875 አዲሱን አወጣ፤ ይኼኛው ብዙ ጊዜ ታተመ።

በ1910 በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ሄደ፤ በ82 ዓመቱ አስታፖቮ በምትባል ባቡር ጣቢያ አረፈ። አስከሬኑ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ቤቱ ከ1921 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። መቃብሩ እዚያው ጫካ ውስጥ ነው፤ መስቀልም ሐውልትም የለው፣ ሣር የለበሰ አፈር ብቻ።