ኮይታሌልና የብረቱ መንገድ

ምድር ባቡር የሥልጣኔ ምልክት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን ሐዲዱ የሚዘረጋበት መሬት ባለቤት እንዳለው ብዙ ጊዜ እንረሳለን። ስለዚህ በጎረቤታችን በኬንያ ርስቱን ሲጠብቅ የሞተውን የናንዲን መሪ፥ የኮይታሌል አራፕ ሳሞይን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኮይታሌል የተወለደው ከኦርኮዮት ቤተ ሰብ ነው። ኦርኮዮት ማለት በናንዲ ሕዝብ ዘንድ ትንቢት የሚናገር፥ ዘመቻ ሲታሰብም ምክሩና ምርቃቱ የሚጠየቅ ሰው ነው። አባቱ ኪምንዮሌም ኦርኮዮት ነበረ፤ ነገር ግን በአገሩ ላይ መከራ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ ጥፋቱን በእርሱ ላይ አድርጎ በ1890 ገደለው። ናንዲዎች እንደሚተርኩት፥ ጢስ የሚተፋ የብረት እባብ ከምሥራቅ ባሕር ተነሥቶ በምድራቸው ላይ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ተንብዮ ነበር።

በ1896 እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደብ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። በ1901 መጨረሻም 930 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ኪሱሙ ደረሱ። የናንዲ ጐበዞች የቴሌግራፉን ሽቦ እየቈረጡ ለጌጥ፥ የሐዲዱን ብረት እየፈቱ ለጦር መሣሪያ አደረጉት። እንግሊዞች ደጋግመው ዘመቱባቸው፤ ኮይታሌል የሚመራው ሕዝብ ግን ዐሥር ዓመት ያህል አልገዛም አለ።

1905 ትልቅ ለውጥ የታየበት ዓመት ነው። የአገሩ አስተዳደር ከእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወደ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተዛወረ። በባቡሩ ምክንያት የተቈረቈረችው ናይሮቢም በሞምባሳ ፈንታ ዋና ከተማ ሆነች። መሬት የሚፈልጉ ነጮች በባቡሩ ይመጡ ስለ ነበር፥ መንግሥቱ ናንዲን ፈጽሞ ለማስገበር ብዙ ጦር አዘጋጀ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 19 ቀን ሪቻርድ ማይነርትስሃገን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ኮይታሌልን ለእርቅ ቀጠረው። ኮይታሌል ከተከታዮቹ ጋር ወደ ቀጠሮው መጣ፤ በዚያው ስፍራም በጥይት ተገደለ። መኰንኑ ሊገድሉኝ አድብተው ነበር ብሎ ተከራከረ። ናንዲዎች ግን ለእርቅ የመጣ ሰው በክዳት እንደ ተገደለ ይናገራሉ። መኰንኑ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ነጻ ነህ ቢባልም፥ በ1906 ከአገሩ እንዲወጣ ተደረገ።

መሪው ከሞተ በኋላ ሕዝቡ ተሸነፈ። በሐዲዱ አጠገብ የነበሩት ናንዲዎች ከርስታቸው ተነቅለው ወደ ተከለለ ስፍራ ተወሰዱ፤ መሬታቸውም ለነጭ ሰፋሪዎች ተሰጠ። ኬንያ ነጻነቷን ያገኘችው በ1963 ነው። መኰንኑ ወደ አገሩ ወስዷቸው የነበሩት የኮይታሌል በትሮች የተመለሱት ደግሞ በ2006፥ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ውድ ተማሪዎች፥ መንገድ መሥራት መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የዚያ ሐዲድ ወጪ ሲታሰብ፥ የናንዲ ርስትና ለእርቅ ተጠርቶ የሞተው ሰው ሕይወት አብረው ሊቈጠሩ ይገባል።