ኬፕለርና አዲሱ ኮከብ

ከመስቀል በዓል በኋላ ደመናው ሲገፈፍ፣ ከጋዝጊብላ ተራሮች ላይ ሆኖ በምሽት ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የዐቅራብ ጭራ ወደ አድማስ ሲያዘቀዝቅ ያያል። ከጭራው ከፍ ብሎ፣ በዓይን ባይታይም በቴሌስኮፕ የሚታይ የአንድ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት አለ። ቅሪቱ የሚጠራው በዮሐንስ ኬፕለር ስም ነው፤ የዚህን ሊቅ ሕይወት በአጭሩ እንተርካለን። ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ኬፕለር በ1571 በጀርመን አገር ከሉተራውያን ቤተሰብ ተወለደ። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ይዞት ዓይኑን አደከመው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ካታሪና ከፍ ወዳለ ስፍራ ወስዳ ጅራታም ኮከብ አሳየችው። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይማር የነበረው ወጣት በ1594 ግራትስ በተባለችው የኦስትሪያ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነ። በ1600 የአገሩ ገዢ ፕሮቴስታንቶች ወይ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ወይ ከተማዋን እንዲለቁ አዘዘ፤ ኬፕለርም መለወጥን ስላልፈቀደ ከነቤተሰቡ ተሰደደ። አሳዳጆቹ የእኛው የካቶሊክ ወገኖች እንደ ነበሩ ሳንሸፍን እንናገራለን።

በስደቱ የተቀበለችው ፕራግም የካቶሊካዊው ንጉሠ ነገሥት የሩዶልፍ ከተማ ነበረች። ኬፕለር የንጉሠ ነገሥቱ የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ሲያገለግል፣ በጥቅምት 1604 ከጁፒተር የማያንስ ደማቅ ኮከብ በድንገት ታየ። ደመና ስለ ከለከለው እርሱ ያየው ሌሎች ካዩት ከቀናት በኋላ ነው። ያ ዓይነ ደካማ ሰው ኮከቡን አንድ ዓመት ያህል ተከታተለው፤ በ1606 ባሳተመው መጽሐፍም ከጨረቃ እጅግ የራቀ፣ ከቶ አይለወጥም ይባል በነበረው ሰማይ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን አስረዳ። ዛሬ እንደምናውቀው የታየው አዲስ ኮከብ ሳይሆን አሮጌ ኮከብ ሲፈነዳ የወጣ ብርሃን ነበር፤ ወደ ምድር ለመድረስም ከዐሥር ሺህ ዓመት በላይ ተጉዟል። የጋለው ቅሪት እስከ አሁን ድረስ በየሰከንዱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየተስፋፋ ነው።

በዚያው ጥቅምት፣ በአገራችን፣ በአባ ፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት ወደ ካቶሊክ እምነት ያዘነበሉት ዐፄ ዘድንግል በባርቻ ጦርነት ወደቁ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያው ኮከብ ከሜዳው በላይ ያበራ ነበር።

ፕላኔቶች ፀሐይን በሞላላ መንገድ እንደሚዞሩ በ1609 ያስታወቀውም ኬፕለር ነው። በ1612 ወደ ሊንትስ ተዛወረ። በዚያም የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ የእምነት ሰነዷን ሙሉ በሙሉ ስላልፈረመ ከቅዱስ ቍርባን ከለከለችው። ከዚህ የባሰው ግን በእናቱ ላይ የደረሰው ነው፤ ጅራታሙን ኮከብ ያሳየችው ካታሪና በጥንቆላ ተከስሳ ዐሥራ አራት ወር ታሰረች። ልጇ ራሱ ተሟገተላት። በ1621 ተፈታች፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተች።

እርሱም በ1630 በሬገንስቡርግ ዐረፈ። የሃይማኖት ወገኖች ይዋጉበት በነበረው ጦርነት የመቃብር ስፍራው ጠፋ።