ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የእንግሊዝኛ ትምህርት

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሲነሡ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም መሆናቸውን ነው። የትምህርት ቤት ኃላፊነታቸው ግን እምብዛም አይወራም። ዛሬ ጠመንጃ ያዥም ሆነ ሌላ የአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን መጽሐፉ ለልጆቹ ሩቅ ነው ብለው ሲያማርሩ፣ ችግሩ አዲስ እንዳልሆነ የእኚህ ሰው ሕይወት ያሳያል።

ወርቅነህ ጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲያልፉ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው የተለየውን ሕፃን ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው። እሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት አድጎ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተምሮ፣ ስኮትላንድ ሄዶ ዕውቀቱን አዳብሮ በርማ ውስጥ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነ።

የዓድዋ ድል ዜና የትውልድ አገራቸውን ቀሰቀሰባቸው። አዲስ አበባ ሲደርሱ አያታቸው የልጅነት ጠባሳቸውን አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። እሳቸው ግን አማርኛ አያውቁም ነበር፤ ከዘመዶቻቸው ጋር የተነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። የአፍ መፍቻቸውን በጎልማሳነት እንደ ባዕድ ቋንቋ ተማሩት። እንግሊዝኛን በሕፃንነት፣ አማርኛን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ለመልመድ የተገደደ ሰው ቋንቋ መማር ምን እንደሚያስከፍል ሳይነገረው ያውቃል።

በ1917 ዓ.ም. ሚያዝያ 19 ቀን በአልጋ ወራሹ ገንዘብ የተሠራው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ያኔ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የሚያይለው ፈረንሳይኛ ነበር፤ የጅቡቲው ባቡርም ሆነ የቤተ መንግሥቱ ዲፕሎማሲ የሚናገሩት በእሱ ነው። ቀደም ብሎ በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም በግብፃውያን መምህራን ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። በአዲሱ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ ጎን ቦታ ሲያገኝ ጥያቄው ማን ያስተምረው፣ በምንስ መጽሐፍ የሚል ሆነ። የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ መምህር አልነበረም። የውጭ አገር ሰው ሲቀጠር ደግሞ የተማሪዎቹን ቋንቋ አያውቅም፤ መጽሐፉም በመርከብ የሚመጣ፣ በሌላ አገር ልጆች ልክ የተሰፋ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1920 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳትመዋል። እንግሊዝኛ ከአማርኛ ይልቅ የሚቀላቸው ሰው ለልጆች ዓለምን በአማርኛ ለማስረዳት መቀመጣቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሹመቶቻቸው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው። ነፃ ለወጡ የባሪያ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። በዚያው ዓመት ለጣና ግድብ ድርድር አሜሪካ ተልከው ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

ከዚያ የጨርጨር ገዥ፣ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በእንግሊዝ ጋዜጦችና አዳራሾች የአገራቸውን አቤቱታ ያሰሙት በዚያው ባሳደጋቸው ቋንቋ ነው። ዋጋው ከባድ ነበር። እንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በጣሊያኖች ተገደሉ። ያ ጭፍጨፋ አገሪቱ ያፈራቻቸውን የተማሩ ወጣቶች አሟጠጠ። ከነፃነት በኋላ መምህር ለሚፈልገው የትምህርት ሚኒስቴር ጉድለቱ ምን ያህል እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

በ1934 ዓ.ም. ሲመለሱ ሁኔታው ተለውጧል። ፈረንሳይኛ ወደ ኋላ ቀርቶ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ እየሆነ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የመምህራን ማሠልጠኛ ተጀመረ። እሳቸው ግን አርጅተዋል። በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ለዓመታት የጻፉት የዕለት ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ነው።