ከምጽዋ ብቻውን የተመለሰው ሊቅ

ወደ ጅቡቲ ከተማ የሄዳችሁ ከነፃ የንግድ ቀጠናው ወዲያ ያለውን ባሕር አይታችሁ ይሆናል። ከከተማዋ ፊት ለፊት በሚገኙት በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ፣ ከውኃው ሥር ኮራል አለ። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ጥቃቅን እንስሳት የሚገነቡት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ የቀይ ባሕርን ኮራል ቀደም ብለው ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ ስለሆነው ስለ ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤረንበርግ በ1795 በጀርመን አገር በደሊትሽ ከተማ ተወለደ። በመጀመሪያ የሃይማኖት ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ሕክምናና ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዞረ። በ1820 ከወዳጁ ከሄምፕሪሽ ጋር ወደ ግብፅ መጣ። በረሃውንና የቀይ ባሕርን ጠረፍ እየዞሩ ለዓመታት ዕፅዋትና እንስሳት ሰበሰቡ። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ በመንገድ ሞቱ። በ1825 ምጽዋ ላይ ሄምፕሪሽም በትኩሳት ታሞ ዐረፈ። ኤረንበርግ ወዳጁን አጥቶ የሁለቱንም ድካም ተሸክሞ ተመለሰ።

በ1823 በሲና ጠረፍ፣ በቶር አጠገብ ሳለ ባሕሩ ቀልቶ አገኘው። ተደንቆ ብቻ አላለፈም፤ ውኃውን ቀድቶ በማይክሮስኮፕ መረመረ። ያቀላው ክር የመሰለ ጥቃቅን ሕይወት ነበር። በ1834 ደግሞ ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ያጠናውን አሳተመ። ስሕተትም ነበረበት፤ ጥቃቅን ፍጥረታት እንደ ትልልቆቹ እንስሳት የተሟላ የውስጥ አካል አላቸው ብሎ ያምን ነበር። ሌሎች ሲመረምሩት ትክክል እንዳልሆነ ታወቀ። በእርጅናው ልጁ ክላራ በሥራው ታግዘው ነበር። በ1876 በበርሊን አረፈ።

ተማሪዎች! ዛሬም የኮራልን ጤና ለመከታተል ውኃውን መመርመር ይጠቅማል። በኮራል ሰውነት ውስጥ ምግብ የሚሰጡት ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም ብርሃን ይሻሉ። ውኃው በደለል ከደፈረሰ ብርሃን ያጣሉ። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን አጥቶ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። የቤት ፍሳሽ ሲገባበት ደግሞ ሌላ አረም በዝቶ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሙቀቱን፣ ጨውነቱንና ጥራቱን በየጊዜው ለክተው ይጽፋሉ። አንድ ቀን ብቻ መለካት አይበቃም፤ ለውጡ የሚታየው የትናንቱ ተጽፎ ሲገኝ ነው።

የኤረንበርግ ስብስብ እስከ ዛሬ በበርሊን ሙዚየም ተቀምጧል። እናንተም የምታዩትን ከነቀኑ በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ይጠቅማልና።