እቴጌ ጣይቱ እና የመጀመሪያው ሂሳብ

አርብ ገበያ ስሟ ራሱ ማስታወቂያ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት፤ ስሟን የሰጣት ገበያዋ ነው። ገበያተኛው ያመጣውን ሸጦ፣ የሚፈልገውን ገዝቶ ሲጨርስ ይርበዋል። ቀኑ ደግሞ አርብ ነው፤ ለጿሚው ሽሮ ወይ ምስር ወይ በያይነቱ ይታዘዛል። ይበላል፣ እጅ ይታጠባል፣ ሂሳብ ይከፈላል። በቃ፣ ይሄው ነው።

ይሄን ያህል ቀላል የሆነ ነገር ግን ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነበር። ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶች ድሮም ነበሩ። የተከበረ ሰው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንጀራ በወጥ አዝዞ፣ በልቶ፣ ለበላው ገንዘብ ቆጥሮ መሄድ? ያውም በከተማ መሃል፣ ሰው እያየው? እንግዳ ማለት የእግዚአብሔር እንግዳ ነው። መንገደኛ ከመሸበት የደረሰበት ቤት ያድራል፣ ያለውን ይቀምሳል፣ መርቆ ይሄዳል። ከእንግዳ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበር።

ይሄን ልማድ በአደባባይ የደፈሩት ሰው ተራ ነጋዴ አልነበሩም። የአገሪቱ ንግሥት ነበሩ፤ ያውም የዘር ሐረጋቸው ከዚሁ ከጎንደር ምድር የሚመዘዝ። ዛሬ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በስማቸው የቆመውን ሆቴል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እስቲ የባለቤቷን ታሪክ ከምግቡ በኩል እንየው።

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ1840ዎቹ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜን ገዢ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው። በአያት በኩል ደግሞ ደብረ ታቦር ተቀምጠው አገር ይገዙ ከነበሩት ከየጁ መሳፍንት ይወለዳሉ። ከአርብ ገበያ ለዞን ጉዳይ ደብረ ታቦር የሚመላለስ ሰው በዘመዶቻቸው መናገሻ ነው የሚያልፈው ማለት ነው። ግን ጣይቱ ገና ሕፃን እያሉ፣ በ1847 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ላይ በደጃች ካሣ ተሸነፉ። ካሣም እዚያው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የቤተሰቡ ገናናነት አበቃ።

ልጅቷ ግን ተማሩ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብርቅ በሆነ መልኩ ማንበብና መጻፍ፣ አማርኛም ግእዝም አወቁ፤ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ትዳር ይዘው ፈትተዋል፣ ወድቀው ተነስተዋል። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አንኮበር ላይ ሲያገቡ ዓለምን ያዩ የሠላሳ ዓመት ሴት ነበሩ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ ጣይቱም ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተባሉ።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። ግብር የምንለውን ቃል ልብ በሉት፤ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ገበሬው ለገዢው የሚከፍለው ነው፦ እህሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ከብቱ። ሌላው ገዢው አዳራሽ ዘርግቶ ሠራዊቱንና ሕዝቡን የሚያበላው ድግስ ነው። ቃሉ አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በአንድ በር በግብር የገባው ማርና ስንዴ በሌላ በር ጠጅና እንጀራ ሆኖ በግብር ይወጣል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ስለ ሀብት ክፍፍል ብዙ ግራፍ አይቻለሁ፤ እንደዚህ በአንድ ቃል የተጠቀለለ ግን አላጋጠመኝም።

እቴጌ ጣይቱ የዚህ ሥርዓት ዋና አንቀሳቃሽ ነበሩ። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ እንጦጦ ላይ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያዘጋጁት ድግስ ለቀናት የዘለቀ፣ ሺዎች የበሉበት ነበር። ስንት ወፍጮ፣ ስንት ምጣድ፣ ስንት ጋን፣ ስንት ሴት እንደፈጀ አስቡት። እቴጌ ወጥ ቤቱንም፣ ጠጅ ቤቱንም፣ እልፍኙንም ያውቁታል። ያ ልምድ ጦርነት ላይ ሳይቀር ሠርቷል፦ መቶ ሺህ ገደማ ሰው ወደ ሰሜን ሲዘምት የሚበላውና የሚጠጣው ነገር ጉዳይ የሞት ሽረት ነበር። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጠላትን ምሽግ ውኃ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ምሽጉ የተለቀቀው ጥይት አልቆ ሳይሆን ውኃ ጠምቶ ነው። ከዚያ በኋላ ዐድዋ መጣ።

ዐድዋ ደግሞ አዲስ ዓይነት እንግዳ አመጣ። ድሉን የሰማው ዓለም ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ፦ የመንግሥታት ወኪል፣ ነጋዴ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ፈረንሳዩ። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ሰው በበቅሎ ይጨርሰዋል። ሲደርስ የት ይደር? ምን ይብላ? ይሄን ሁሉ የውጭ ሰው በየቀኑ በቤተ መንግሥት ግብር ማብላት አይቻልም። አገሬው ቤት ደግሞ ሁሉም አይስማማውም።

መልሱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ፒያሳ ላይ ተከፈተ፦ እቴጌ ሆቴል፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል። የሕንፃው ንድፍ የአርመኑ የሚናስ ኸርቤክያን ነው ይባላል። መኝታ አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ወጥ ቤቱን እቴጌ ራሳቸው ይከታተሉታል። ቤቱ አለ፣ ምግቡ አለ። የቀረው አንድ ነገር ነው፦ የሚከፍል ሰው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? በአፍ ሲወርድ በመጣው ታሪክ፣ አገሬው መጀመሪያ ላይ ዝር አላለም። ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገቡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሂሳቡን ንጉሡ ከፈሉ። መኳንንቱ ደስ አላቸው፤ ሌላ ቀን ተመልሰው መጡ፣ አሁንም እንደ ግብር በልተው ሊነሱ። በዚህኛው ቀን ግን ሂሳብ መጣላቸው። ዝርዝሩ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ንጉሡ ራሳቸው ከፍለው እንዳስለመዱ ግን ሁሉም ይስማማበታል።

ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ቀልዱ ውስጥ ከባድ ነገር ይታየኛል። በግብር አዳራሽ የምትበላው ለማን እንደምትታዘዝ ታይቶ ነው፤ አቀማመጥህ፣ የምትቆርጠው ሥጋ፣ የምትጠጣበት ዕቃ ሁሉ በማዕረግህ ልክ ነው። ሆቴል ውስጥ ግን የሚጠየቀው ገንዘብ ነው። ለንጉሡ አሽከር ያልሆነ ሰው፣ ዘመድ የሌለው፣ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ከፍሎ ይቀመጣል። የበላበት ቤትም ውለታ አይቆጥርበትም። ማዕድ ከጌታና ከሎሌ ግንኙነት ሲላቀቅ ይሄ ነው መልኩ።

ሁለተኛው ነገር የሴቶቹ ሥራ ነው። እንጀራ መጋገር፣ ወጥ መሥራት፣ ጠጅ መጣል ከጥንት ጀምሮ የሴት ሥራ ነው፤ ዋጋ ግን አልነበረውም። ግብሩ የሚጠራው በጌታው ስም ነው፤ ምጣድ ላይ የተጣደችውን ሴት ማን ያስታውሳል? እቴጌዋ ሆቴል ሲከፍቱ ያ ሥራ ዋጋ ወጣለት። በዚያ ላይ የአገሪቱ ትልቋ ሴት ምግብ ሸጠው ገንዘብ ሲቀበሉ፣ ምግብ መሸጥ የዝቅተኛ ሰው ሥራ ነው የሚለው ሐሜት አንድ እግሩ ተሰበረ።

ነገሩ የአንድ ቀን ስሜት እንዳልነበር ሌላ ማስረጃ አለ። በ1898 ዓ.ም. የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ከእንግሊዞች የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተሳሰረና ለብቻው የመሥራት መብት የተሰጠው ነበር። ጣይቱ ይሄ አልተዋጠላቸውም። በ1901 ዓ.ም. ገደማ እርሻና ንግድን የሚያስፋፋ፣ ለአገር ሰው የሚያበድር ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። ሆቴሉም ማኅበሩም የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው፦ ገንዘቡ እዚሁ ይዙር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ግን ለእቴጌ ጥሩ አልነበረም። ምኒልክ በሕመም ሲወድቁ ሥልጣኑ በእጃቸው ገባ፤ መኳንንቱ አልወደዱትም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ ተደረገ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲሞቱ እሳቸው እንጦጦ ማርያም ገቡ፤ ያን ትልቅ ድግስ የደገሱባት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቀሪ ዕድሜዬን ጎንደር ሄጄ ልጨርስ ብለው ቢጠይቁ አልተፈቀደላቸውም። ሦስት ወር ገደማ ቆይተው የካቲት 4 ቀን አረፉ። መጀመሪያ እንጦጦ ተቀበሩ፣ በኋላ አጽማቸው ከባለቤታቸው አጠገብ በበዓታ አረፈ። ለሺዎች ማዕድ የዘረጉት ሴት የአገራቸውን ምድር ሳይረግጡ ሄዱ።

ቤታቸው ግን እንግዳ መቀበሉን አላቆመም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነስቶ የሕንፃውን ክፍል ሲበላ፣ ያንን ጃዝ የምንሰማበትን ጃዛምባንም ይዞ ሄደ፤ ብዙ ሰው የራሱ ቤት የተቃጠለ ያህል አዘነ። ሆቴሉ ግን ተነሳ። ከፍለው ከሚበሉት ብዙዎቹ የሚመጡት ለምሳ ሰዓቱ የጾም ቡፌ ነው።

ወደ አርብ ገበያ ስንመለስ ነገሩ በትንሽ መጠን አሁንም አለ። በየገበያ ከተማችን ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታ ልጆቿን የምታስተምር እናት አለች። የሷ ፈተና ወጡ አይደለም፤ ወጡን ታውቅበታለች። ፈተናዋ የአክስት ልጅ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የባል ጓደኛ ነው፦ እሷ ጋ መብላት እንደ ግብር የሚቆጥረው፣ በዱቤ ጽፋ ስትጨርስ ደብተሯን እንጂ ኪሷን የማይሞላው። ሂሳብ ስትጠይቀው ደግሞ የሚቀየማት።

ምኒልክ ለሚስታቸው ሆቴል ያደረጉት ትልቁ ነገር ገብተው መብላታቸው ብቻ አልነበረም፤ ንጉሥ ሆነው ሂሳብ መክፈላቸው ነው። ዘመድ ወይ ጓደኛ ምግብ ቤት ሲከፍት እኛም በመጀመሪያው ቀን ልናደርግ የምንችለው ይሄንኑ ነው፤ ስልካችን ላይ ፎቶውን ከመለጠፋችን በፊት።